የአደይ አበባ መስክ በግቢ

የአደይ አበባ መስክ ማለት በየሳምንቱ የሚከረከመውን አጭር ሣር ትቶ፣ የደጋና የወይና ደጋ የዱር አበቦችና አገር በቀል ሣሮች በአንድ ቦታ ተደባልቀው እንዲያድጉ የሚደረግበት የግቢ አያያዝ ነው። ዋናው ተክል አደይ አበባ ነው። መጭ፣ የዱር ክሎቨር (ማገጥ)፣ ስንደዶና አክርማ አብረውት ይበቅላሉ። መስኩ በሰኔ ዝናብ ይነሳል። ከመስከረም እስከ ጥቅምት ያብባል። በኅዳር ዘሩን ካራገፈ በኋላ ይታጨዳል። ከዚያ እስከ ቀጣዩ ዝናብ ደረቅ መሬት ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ግቢ የሚፈልግ ሰው ይህንን ከወዲሁ ይወቀው።

እዚህ የቀረበው በዋናነት አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ይመለከታል።

የትኛው ነው አደይ?

በተለምዶ አደይ የሚባለው አንድ ተክል ብቻ አይደለም። ቢደንስ በተባለው የዕፅዋት ወገን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዝርያዎች ስሙን ይጋራሉ፤ ቢደንስ ማክሮፕቴራ፣ ቢደንስ ፓኪሎማ እና ቢደንስ ፕሬስቲናሪያ። ሦስቱም ቢጫ ናቸው፣ ሦስቱም በክረምት ማብቂያ ያብባሉ፣ ሦስቱም በአንድ ዓመት ውስጥ በቅለው፣ አፍርተው ይሞታሉ። «እውነተኛው አደይ የቱ ነው?» የሚል ክርክር ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ማክሮፕቴራ ይጠቀሳል። ለግቢ ሥራ ግን ልዩነቱ ብዙም አያስጨንቅም። በአካባቢው የሚበቅለው ምንጊዜም ይሻላል።

በጎጃምና በጎንደር መንገድ ዳር የሚታየው ቢጫ ሁሉ ደግሞ አደይ አይደለም። ብዙው መጭ ነው። መጭ የኑግ የዱር ዘመድ ሲሆን የሚያብበውም በዚያው ሰሞን ነው። ንብ አናቢዎች ሁለቱን አይለያዩዋቸውም ማለት ይቻላል። በደጋው ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር የሚሆነው በእነዚህ አበቦች ምክንያት ነው።

አደይ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ ይበቅላል የሚለው አባባል እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። ቢደንስ በብዙ አህጉራት ያለ ትልቅ ወገን ነው፤ ፕሬስቲናሪያም ከድንበር ባሻገር ይገኛል። ያም ሆኖ በአዲስ ዓመትና በመስቀል ሰሞን አገር ምድሩን ቢጫ አድርጎ፣ በደመራው ላይ ታስሮ፣ በልጆች እጅ ከለምለም ሣር ጋር ቤት ለቤት የሚዞረው እዚህ ነው።

ከድርቆሽ መስክ ወደ ግቢ

በዚህ አገር የአበባ መስክ አዲስ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ያለው የሱሉልታ ሜዳ የከተማዋ የወተት ላሞች ድርቆሽ የሚመጣበት ቦታ ነው። ሜዳው በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ሣሩ ከብት ሳይገባበት እስኪደርስ ይጠበቃል። ዝናቡ ሲያበቃ በማጭድ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል። ከዚያ በኋላ ከብቱ ይለቀቅበታል። አደይም ክሎቨርም በዚህ ዑደት ውስጥ ሲኖሩ የቆዩ ናቸው። አበባው ዘሩን አፍስሶ ይታጨዳል፤ ከብቱ ደግሞ በኮቴው መሬቱን ቆስቆስ አድርጎ ዘሩን ከአፈር ያገናኘዋል። የግቢ መስክ የሚሠራው ይህንኑ ያለ ከብት ነው፤ ከታች የሚነገረው አብዛኛው የሥራ ምክር ከዚህ ይመነጫል።

በአውሮፓም ነገሩ የተጀመረው ከድርቆሽ መስክ ነው። እንግሊዝ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ 97 በመቶ ያህል የአበባ መስኮቿን እንዳጣች በሰፊው ይጠቀሳል። ዛሬ እዚያ ሰው በጓሮው የሚዘራው የጠፋውን ለመመለስ ነው። እኛ ዘንድ ሜዳው ገና ከከተማው ጫፍ ላይ አለ። ለዚያውም ቤት እየተሠራበት ነው።

የተጠናበት መንገድ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦች ዕፅዋት ሰብስበው ወደ አገራቸው ወስደዋል። የሩፔል፣ የሺምፐርና የሽቶይድነር ስሞች ዛሬም በደጋው ክሎቨሮች ሳይንሳዊ ስም ላይ ተለጥፈው ይገኛሉ።

ትልቁ ሥራ የተሠራው ግን በራሳችን ቤት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ፣ የተቋቋመው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የአገሪቱን ዕፅዋት መዝግቦ በመጽሐፍ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት ከስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጀመረ። በኢትዮጵያ በኩል መጀመሪያ ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር፣ ኋላም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው መሩት። በኡፕሳላ በኩል ኢንጋ ሄድበርግ ነበሩ። ሥራው በጦርነት፣ በረሃብና በመንግሥት ለውጥ መካከል አልተቋረጠም። የመጀመሪያው ቅጽ በ1989፣ የመጨረሻው በ2009 እ.ኤ.አ. ወጣ። በጠቅላላው 8 ቅጽ በ10 መጽሐፍ ነው። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዕፅዋት ተመዝግበውበታል። ከአሥሩ አንዱ ገደማ ከዚህ ውጭ የትም አይገኝም። በአፍሪካ ቀንድ እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ ዳር ያደረሰ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ነው።

አደይን በሚመለከት ዋናው ስም ዶ/ር መስፍን ታደሰ ናቸው። ቢደንስን በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ከዚያም በመላው አፍሪካ አጥንተዋል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውን የአደይን ቤተሰብ የያዘ የፍሎራውን ክፍልም የጻፉት እሳቸው ናቸው። ዛሬ አንድ ሰው ከሱሉልታ ያመጣውን ቢጫ አበባ ወደ ሄርባሪየሙ ወስዶ ዝርያውን ማስለየት የሚችለው በዚህ ልፋት ነው።

ከፍሎራው በኋላ የመጣው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ነው። የከተማው አስተዳደርና የዩኒቨርሲቲው የጋራ ተቋም ሲሆን 705 ሄክታር ይሸፍናል። ቦታው አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነበር፤ ቀስ በቀስ በአገር በቀል ተክሎች እየተተካ ነው። አገር በቀል ተክል በግቢው ለማልማት የሚያስብ የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ ሊያየው የሚገባ ቦታ ይህ ነው።

መሬቱን ማዘጋጀት

ሥራው የሚጀምረው ከመዝሪያው ወራት በፊት፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ነው። ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ መሆን አለበት። ባሕር ዛፍ ሥር አይሞከርም። በከተማው ግቢዎች ያለው ሣር አብዛኛው ኪኩዩ ወይም ሰርዶ ነው። ሁለቱም በሥርና በግንድ እየተሳቡ ስለሚሄዱ ከላይ በማጨድ አይሞቱም። በዶማ ተቆፍረው፣ ሥራቸው ተለቅሞ በበጋው ፀሐይ መድረቅ አለበት። መቆፈር የማይፈልግ ሰው ለጥቂት ወራት ጥቁር ላስቲክ ቢያለብሰውም ይሠራል። ዋናው ነገር ትዕግሥት ነው፤ ቶሎ ብሎ የዘራበት ሰው በነሐሴ ኪኩዩ ብቻ ነው የሚያጭደው።

በልግ ሲመጣ ተኝቶ የነበረው የአረም ዘር ይበቅላል። ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ቡቃያው ትንሽ ሳለ በመኮትኮቻ ላይ ላዩን ብቻ ይነቀላል። በጥልቀት ከተቆፈረ ሌላ አረም ከታች ይወጣል። በበልግ ሁለት ጊዜ ያጸዳ ሰው በክረምት ግማሽ ሥራው ይቀልለታል።

ፍግና ኮምፖስት አይጨመርም። አትክልት ለለመደ እጅ ይህ ከባድ ነው፤ ግን የሰባ መሬት ላይ ሙጃው አደዩን ውጦት ያርፋል። የዱር አበባ በደከመ መሬት ያሸንፋል። ቤት ሲሠራ የወጣ ከሳ ያለ አፈር እንኳ፣ ሲሚንቶውና ፍርስራሹ ከተለቀመ፣ ይሆናል። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ውኃ ቢያቁርም ክሎቨሮቹ ይወዱታል። ወደ እንጦጦ በኩል ያለው ቀይ አፈር ደግሞ ተዳፋት ስለሚበዛው ዘሩን ጎርፍ ይወስድበታል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ስንደዶና አክርማን ከነሥራቸው ከፋፍሎ በመስመር መትከል ውኃውን ያበርደዋል። ድንጋያማ ከሆነ ጦስኝም ይይዛል።

ዘሩ

አደይ በችግኝ ጣቢያዎች እንደ ጽጌረዳ ተደርድሮ አይሸጥም። ዘሩ የሚገኘው ከሜዳ ነው። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ አበባው ደርቆ ራሱ ቡናማ ሲሆን፣ ነካ ሲያደርጉት ዘሩ ይለቃል። ያን ጊዜ ከብዙ ተክል ጥቂት ጥቂት ይለቀማል። ከአንድ ቦታ ጠራርጎ መውሰድ ነውር ነው፤ ባለ ሜዳውንም መጠየቅ ወግ ነው። ዘሩ በጥላ ደርቆ በወረቀት ወይም በጨርቅ ይቀመጣል። ላስቲክ ያሻግተዋል።

የሚዘራው ዝናቡ ሲጥል፣ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ ነው። በአውሮፓ ለሣርና ለአበባ ድብልቅ በካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ግራም ይባላል። አደይ ብቻውን ከሆነ ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል። ዘሩ ከደረቅ አሸዋ ጋር ይደባለቃል፤ የት እንደወደቀ እንዲታይና ሥርጭቱ እንዲስተካከል። ግማሹ በቁመት፣ ግማሹ በአግድም ይበተናል። ከዚያ በእግር ይረገጣል እንጂ አይቀበርም። ዶሮ ያለበት ግቢ ከሆነ ዶሮዎቹ እስኪበቅል ድረስ ይታገዱ።

በሐምሌ ማረም አለ። እዚህ ላይ የሚያሳስተው የሰይጣን መርፌ ነው። የአደይ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ቡቃያቸው ይመሳሰላል። የሰይጣን መርፌ ቅጠል ሦስት ወይም አምስት ሰፋፊ ክፍል አለው፤ የማክሮፕቴራው ግን ተሰነጣጥቆ የደቀቀ ነው። ካልተለየ ትንሽ መታገሥ ይሻላል። ቅንጬ አረም ግን ትዕግሥት አያስፈልገውም። ሳያብብ ከነሥሩ ይነቀላል፤ ቆዳና መተንፈሻ ስለሚያስቆጣ በጓንት። ይህ አረም ከእርዳታ እህል ጋር ገባ የሚባል ነገር አለ፤ እንዲያ ሳይሆን አይቀርም።

አጨዳ

አብዛኛው የግቢ መስክ የሚበላሸው በአጨዳ ነው። ለመስቀል ሁሉም ተቆርጦ ይወሰዳል፣ ወይም ዘበኛው «ሣሩ በዛ» ብሎ በጥቅምት ያስተካክለዋል። አደይ ዓመታዊ ስለሆነ ዘር ሳይጥል የታጨደ እንደሆነ በቀጣዩ ዓመት የለም። ለበዓል መቁረጥ ምንም አይደለም፤ ብዙው ግን በቦታው ይቅር።

በኅዳር ዘሩ ሲራገፍ በማጭድ ዝቅ ተደርጎ ይታጨዳል። ድርቆሹ ጥቂት ቀን እዚያው ይሰነብታል፤ የቀረው ዘር ይረግፋል። ከዚያ የግድ መውጣት አለበት። እዚያው ከበሰበሰ መሬቱን ያሰባዋል፣ ቡቃያውንም ያፍነዋል። ላም ያለው ጎረቤት ካለ በደስታ ይወስደዋል። በበጋ የቆመ ደረቅ ሣር የእሳት ስጋት ስለሆነ ከቤቱ ግድግዳ አንድ ሁለት ሜትር ሁልጊዜ አጭር ሆኖ ይያዝ። ይህ አይጥና እባብ የሚፈሩ የቤተሰብ አባላትንም ያረጋጋል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት አደዩ እየሳሳ፣ ሣሩ እየወፈረ ይሄዳል። ሰው ዘሩ መጥፎ ስለሆነ ይመስለዋል። ምክንያቱ ሣሩ መሬቱን ስለሸፈነው ዘሩ አፈር አለማግኘቱ ነው። ሱሉልታ ላይ የከብቱ ኮቴ የሚሠራውን ሥራ እዚህ በሬክ (ጥርስ ባለው የአፈር መፋቂያ) መሥራት ያስፈልጋል። በግንቦት አፈሩ ገለጥ እስኪል ድረስ ጠንከር ተደርጎ ይፋቃል፤ ሣሩ በጣም ከጠነከረም ቦታ ቦታ ላይ ይነቀላል።

የውጭ ድብልቅ ዘርና ውጭ አገር ያሉ ሰዎች

«የዱር አበባ» ተብሎ በፓኬት የሚመጣ የውጭ ዘር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሜክሲኮው ኮስሞስና የካሊፎርኒያ ፖፒ አሉበት። ያምራሉ። ግን የዚህ አገር ዱር አይደሉም፤ ሜዳ አጠገብ ያለ ግቢ ባይዘራቸው ይሻላል።

በተቃራኒው መንገድ፣ የአደይ ዘር በሻንጣ ይዞ ወደ ውጭ መሄድ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። ሆኖም የዘረመል ሀብትን ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጉዳዩ የሚመለከተውም የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ነው። አሜሪካም በመግቢያው ላይ የዕፅዋት ጤና ሰነድ ወይም ፈቃድ ትጠይቃለች። በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ላለ ሰው ቀላሉ መንገድ ቢደንስ አሪስቶሳ ነው። የአደይ ዘመድ ነው፤ ቢጫ ነው፤ በነሐሴና በመስከረም በእርጥብ ሜዳና በመንገድ ዳር በብዛት ያብባል። ዓመታዊ ስለሆነ አያያዙም ያው ነው፤ ዘሩ እስኪረግፍ አይታጨድም። የአሜሪካ አገር በቀል ዘር የሚሸጡ ድርጅቶች ዘሩን ይሸጣሉ። በዚያ ያለው ልዩነት የመዝሪያው ጊዜ ነው፤ የክረምቱ ቅዝቃዜ ዘሩን ስለሚያነቃው በመኸር፣ ማለትም በጥቅምትና በኅዳር፣ ተበትኖ ቢያድር ጥሩ ይበቅላል።