የዳታ ባለቤት ምንድን ነው?

የዳታ ባለቤት የሚባለው በአንድ ድርጅት ውስጥ ስለ አንድ ዓይነት መዝገብ፣ ለምሳሌ ስለ ደንበኛ፣ ስለ ዕቃ ወይም ስለ አቅራቢ፣ የመጨረሻው ቃል ያለው የሥራ ኃላፊ ነው። አዲስ መዝገብ ማን እንደሚከፍት፣ ምን ሳይሞላ እንደማይታለፍ፣ ማን ማረም እንደሚችል ይወስናል። መዝገቡ ሲሳሳት የሚጠየቀውም እሱ ነው። አይቲ ክፍል ሰርቨሩን ይጠብቃል፣ ባካፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ይይዛል፣ ባለቤቱ ለፈቀደለት ሰው መግቢያ ይከፍታል፤ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። «ኮምፒውተር ውስጥ ስላለ» ብቻ የደንበኛ መዝገብ የአይቲ ተደርጎ የሚተውበት ቤት ግን ብዙ ነው።

ከጅቡቲ የሚገባ ሸቀጥና የአገር ውስጥ ሲሚንቶ ከድሬዳዋ ለሐረር፣ ለጅግጅጋና ለጭሮ ነጋዴዎች የሚያከፋፍል፣ 200 ያህል ሠራተኛ ያለው ድርጅት እንውሰድ። የደንበኞቹ ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አጻጻፍ ይመጣል። አንዱ መሐመድ ድሬዳዋ በ«ሐ»፣ ጅግጅጋ ቅርንጫፍ በ«ሀ»፣ ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌር) ላይ ደግሞ በላቲን ፊደል ይገባና ሦስት ደንበኛ ሆኖ ቁጭ ይላል። የዱቤ ጣሪያው 500,000 ብር ነው እንበል። በሦስቱም መዝገብ 300,000 ብር ቢወስድ ሲስተሙ አንዱንም አያግድም፤ ዕዳው ግን 900,000 ደርሷል።

በስም ማጣራት እዚህ አያዋጣም። የሚሻለው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማጣራት ነው፤ 10 አሃዝ ነው፣ በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። ስልክም ይረዳል፤ አንዱ በ09 ሌላው በ+251 ስለሚጽፈው የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ማነጻጸር ነው። ወንድማማቾች በአንድ ስልክ ሊነግዱ ስለሚችሉ መዝገቦቹ የሚዋሃዱት የመዝገቡ ባለቤት ደውሎ ካረጋገጠ በኋላ ነው። የተደገመው መዝገብ ይታገዳል እንጂ አይሰረዝም፤ ከተሰረዘ የድሮ ደረሰኞች መሄጃ ያጣሉ።

የደንበኛ መዝገብ ባለቤት ሽያጭ ነው ወይስ ፋይናንስ? የሚያጣላው ይህ ነው። የሚሻለው ስም፣ አድራሻና ስልክ ለሽያጭ ኃላፊው፣ የዱቤ ጣሪያና የክፍያ ጊዜ ለፋይናንስ ኃላፊው ብቻ መስጠት ነው። ኮሚሽን የሚበላ ሰው ጣሪያውን ማንሳት ከቻለ ጣሪያ የለም ማለት ነው።

ዕቃ ላይ የሚያባላው መለኪያ ነው። ሲሚንቶ በቶን ተገዝቶ፣ በኩንታል ተመዝግቦ፣ በ50 ኪሎ ከረጢት ይሸጣል። 100 ኩንታል ማለት 200 ከረጢት ነው፤ ጸሐፊው «100 ከረጢት» ብሎ ካስገባው የስቶኩ ግማሽ በወረቀት ጠፋ። ማባዣው፣ ማለትም አንድ ኩንታል ስንት ከረጢት እንደሆነ፣ በአንድ ቦታ ይቀመጥ፣ የሚቀይረውም የመጋዘን ኃላፊው ብቻ ይሁን።

ቀን ደግሞ ባለቤት ያጣ ነገር ነው። የጅቡቲ ሰነድ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የቤቱ ወጪ ማዘዣ በእኛው ይመጣል። 5/3/2017 ተብሎ የተጻፈ ኅዳር 5 ሲስተሙ ውስጥ ማርች 5 ቀን 2017 ይሆናል፤ ትክክለኛው ኖቬምበር 14 ቀን 2024 ነበር። ሲስተሙ አንዱን አቆጣጠር ይያዝ፣ ሌላው ለማሳያ ብቻ ይሁን። ይህን ፋይናንስ ይወስን።

የሠራተኛና የደንበኛ መታወቂያ ፎቶ በቴሌግራም ግሩፕ መላላክም ባለቤት ማጣት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የቤት ውስጥ ገመና ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ለመጀመር ኮሚቴም አዲስ ሶፍትዌርም አያስፈልግም። ደንበኛ፣ ዕቃና አቅራቢ ይበቃሉ፤ በአንድ ገጽ ላይ መዝገቡ፣ ባለቤቱ፣ ተተኪው፣ ማረም የሚፈቀድለት ይጻፍና ሥራ አስኪያጁ ይፈርምበት። የሚጻፈው የሥራ መደቡ ነው፤ በሰው ስም ከሆነ ሰውየው ሲለቅ ወረቀቱም አብሮት ይለቃል። በየወሩ 50 መዝገብ በዕጣ አውጥቶ በስልክ ማረጋገጥና ስንቱ ስህተት እንደሆነ መቁጠር ነው። ቁጥሩ ካልወረደ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የባለቤቱ መዘግየት ነው። መኪና ተጭኖ እየጠበቀ የመዝገብ ፈቃድ ሦስት ቀን ከፈጀ፣ ሻጩ አንድ ፊደል ለውጦ አዲስ ደንበኛ ይከፍታል። ስለዚህ መልስ በዚያው ቀን እንዲሰጥ፣ ባለቤቱ ከሌለ ተተኪው እንዲፈርም በዚያችው ገጽ ላይ መስፈር አለበት።