የሙከራ ጊዜ ምንድን ነው? «ገና አልተቀጠርሽም» ለሚሉ አሠሪዎችና ይህንኑ ላመኑ ሥራ ፈላጊዎች

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ የመጣች አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘችውን ወረቀት ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ እጥፋቱ መሳሳት ጀምሯል፤ ከግርጌው ክብ ማኅተም አርፎበታል፤ ከማኅተሙ በላይ ደግሞ «በሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ላይ ስለሚገኙ እንደ ድርጅቱ ሠራተኛ አይቆጠሩም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። የግራ እጇ አመልካች ጣት በፋሻ ተጠቅልሏል። የስፌት መኪናው መርፌ ጥፍሯን በስቶ ሲያልፍ የሕክምና ወጪዋን እንዲሸፍኑላት ጠየቀች፤ የተሰጣት መልስ «አንቺ ገና አልተቀጠርሽም» የሚል ነበር። ሥራ ከጀመረች ሰባተኛ ሳምንቷን ይዛለች።

ይህን መልስ የሰማሁት አሁን ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ስልክ ደውዬ በተውኩት ነበር። ነገር ግን በቅርቡ ለሥራ ፈላጊዎች ምክር የሚሰጡ አንድ ሰው «የሙከራ ጊዜ ማለት አሠሪና ሠራተኛ የሚተያዩበት፣ ውል የሌለበት ጊዜ ስለሆነ መብት መጠየቅ አይቻልም» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ከሚያዳምጧቸው መካከል ብዙዎቹ ዘንድሮ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ናቸው። ቀና አስበው እንደተናገሩ አልጠራጠርም። የተናገሩት ግን ከሕጉ ጋር በቀጥታ የሚቃረን ነው፤ የዚህች ልጅ ጣት በራሷ ወጪ እንዲታከም ያደረገውም ይኸው አስተሳሰብ ነው።

የሙከራ ጊዜ ከቅጥር በፊት ያለ ጊዜ ሳይሆን ከቅጥር በኋላ ያለ የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 11 ሠራተኛው ለተመደበበት ሥራ ተስማሚ መሆኑን ለመመዘን ለሙከራ ሊቀጠር እንደሚችል ይደነግጋል። «ሊቀጠር» የሚለውን ቃል አስምሩበት። ያው አንቀጽ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ ሠራተኛ ጋር እኩል መብትና ግዴታ እንዳለው ይናገራል፤ ከዚህ የተለየ ነገር ሊወስኑ የሚችሉት ሕግ፣ የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት ናቸው። አንድ የሰው ሀብት ኃላፊ ለብቻው ተቀምጦ የጻፈው ደብዳቤ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ አይደለም።

ወሎ ውስጥ ቡና የማያውቅ አንባቢ ስለማይኖረኝ በቡና ላስረዳ። አቦል ቡና ነው፤ መጀመሪያ ስለተቀዳ «ይህ ሙከራ ነው፣ ቡናው ገና አልተጀመረም» የሚል ሰው የለም፤ እንዲያውም ጠንካራው ስኒ እሱ ነው። ቆሎውም ዳቦውም የሚቀርበው ከአቦል ጋር ነው፤ ቡና ቁርሱን ደብቆ እስከ በረካ የሚያቆይ ቤት ስሙ በሰፈሩ በክፉ ይነሣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቶና ሲደርስ ቡናው እንደ አዲስ አይቆላም፤ በዚያው ጀበና፣ በዚያው ቡና ላይ ውኃ ይጨመርበታል እንጂ። ሕጉም እንዲሁ ነው፤ የሙከራው ጊዜ አልፎ ሠራተኛው ሥራውን ከቀጠለ፣ ውሉ ከሙከራው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እንደተደረገ ይቆጠራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ሲሰላ መነሻው ሥራ የተጀመረበት ቀን እንጂ «ቋሚ የተደረገበት» ቀን አይደለም። በረካ ጠጥቶና ተመርቆ የሄደ እንግዳም ሲመለስ እንደ ባዕድ አይመረመርም፤ አንድ አሠሪ ቀድሞ ያሠራውን ሠራተኛ ለዚያው ሥራ መልሶ ሲቀጥረው ዳግመኛ የሙከራ ጊዜ ሊያስገባው አይችልም። ይህን የማያውቁ ድርጅቶች በየወቅቱ ያሰናበቷቸውን ሠራተኞች መልሰው በጠሩ ቁጥር አዲስ የሙከራ ደብዳቤ ሲያስፈርሙ አይቻለሁ።

ምሳሌው የማይሠራበት ቦታ አለ፤ እሱን መዝለል ታማኝነት አይሆንም። የወሎ እመቤት አቦል ያጠጣችውን እንግዳ «አልተስማማኸኝም፣ ሂድ» አትልም፤ አሠሪ ግን ይህን ማለት ይችላል። ሠራተኛው በሙከራው ጊዜ ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ፣ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያና ካሣ ሳይከፍል ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ሠራተኛውም በበኩሉ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። የሙከራ ጊዜ ዋነኛ ልዩነት በመለያየቱ መንገድ ላይ እንጂ በሠራተኛነቱ ላይ አይደለም።

እዚህም ላይ ቢሆን «ያለ ማስጠንቀቂያ» የሚለው «ያለ ምክንያት» ተደርጎ መነበቡ ያሳዝነኛል። ሕጉ ያስቀመጠው ምክንያት አንድ ነው፤ እሱም ለሥራው አለመስማማት ነው። ያረገዘችን ሴት፣ የሠራተኛ ማኅበር አባል የሆነን ሰው ወይም በሃይማኖቱ ያልተወደደን ሰው «ሙከራውን አላለፈም» ብሎ መሸኘት አንቀጽ 26 የከለከላቸውን ምክንያቶች በሌላ ስም ማምጣት ነው። ስለዚህ አሠሪዎችን የምመክረው ምዘናው በወረቀት እንዲኖር ነው። በስፌት መስመር ላይ ከሆነ በሰዓት የሚወጣው ቁጥር፣ ተበላሽቶ የሚመለሰው ልብስ፣ የሥራ ሰዓት አከባበር፤ በሂሳብ ክፍል ከሆነ የተዘጋው ሰነድ ትክክለኛነት ይመዝገብ። አለቃው በሁለተኛው፣ በአምስተኛውና በስምንተኛው ሳምንት ጥቂት መስመር ጽፎ ሠራተኛው እንዲያየውና እንዲፈርምበት ቢያደርግ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ «አልተመቸንም» ከሚል የአንድ መስመር ማስታወሻ እጅግ የተሻለ ማስረጃ ይሆነዋል። ሠራተኛውም ቢሆን ጉድለቱን በስምንተኛው ሳምንት ማብቂያ ሳይሆን በሁለተኛው ሲሰማ ለማረም ጊዜ ያገኛል።

ስለ ርዝመቱ ደግሞ። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከ45 ተከታታይ ቀናት እንዳይበልጥ ይወስን ነበር፤ የአሁኑ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይወስናል። ዛሬም 45 የሚሉ አሉ፤ 60ውን ሁለት ወር ብለው የሚተረጉሙም አሉ፤ በደብዳቤ ላይ ግን በብዛት የማየው «ሦስት ወር» ነው። የሥራ ቀን ሲባል የሳምንት ዕረፍትና የሕዝብ በዓል አይቆጠሩም። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው 60ውን በአሥር ሳምንት፣ አምስት ቀን የሚሠራ በአሥራ ሁለት ሳምንት ይጨርሳል፤ ጥምቀት ወይም መውሊድ በመካከል ከዋለ አንዳንድ ቀን ይገፋል። ሦስት ወር በሳምንት ስድስት ቀን ቢቆጠር 78 ቀን ገደማ ስለሚመጣ፣ ከ60ኛው በኋላ ያሉት ቀናት በደብዳቤው ላይ ቢጻፉም የሙከራ ቀናት አይሆኑም። «የሙከራ ጊዜዎ ተራዝሟል» የሚል ደብዳቤም ከዚህ ጣሪያ በላይ ውጤት የለውም። ሠራተኛው በ61ኛው ቀን ሥራ ገብቶ ከዋለ የማጽደቂያ ደብዳቤ ደረሰው አልደረሰው ሙከራውን ጨርሷል። ለጠብ በር እንዳይከፈት የሙከራው የመጨረሻ ቀን በውሉ ላይ በቀን፣ በወርና በዓመተ ምሕረት ቢጻፍ እመርጣለሁ። ስምምነቱ የግድ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቃል ብቻ «ሙከራ ላይ ነህ» የተባለ ሰው ሙከራ ላይ አይደለም።

አሁን ለሠራተኛው የማይመቸውን ልናገር፤ ግማሹን ብቻ ነግሬ ብተው ያንን መካሪ መምሰሌ ነው። የሕመም ፈቃድ የተሰጠው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው፤ ይህን የወሰነው ራሱ ሕጉ ስለሆነ «እኩል መብት» የሚለውን ጠቅሶ መከራከር አያዋጣም። በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት ግን ከተራ ሕመም የተለየ ነው፤ የልጅቷ ጣት የሚታየው በዚህ ነው፤ ለዚህኛው ሙከራ መጨረስ አይጠየቅም። ግዴታም እኩል መሆኑን አንርሳ፤ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይቻላል ማለት የተረከቡትን ዕቃና ሰነድ ሳያስረክቡ ስልክ ዘግቶ መጥፋት ማለት አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ ስላላቸው፣ እኔ የምናገረው ስለ እነሱ አይደለም፤ የሥራ መሪዎችና የቤት ውስጥ ሠራተኞችም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው።

ደመወዝን በተመለከተ ማስታወቂያዎች ላይ «ከሙከራ በኋላ በስምምነት» የሚል ይታያል። ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ፣ ሥራ ፈላጊው ያለው ዋስትና በውሉ ላይ የሰፈረው ቁጥር ብቻ ነው። የሙከራው ወራት ደመወዝ በቁጥር ሳይጻፍ ውሉ አይፈረም። የተሠራ ሥራ ደመወዝ አለው፤ ያለ ክፍያ የሚሠራበት «ሙከራ» ይህ አዋጅ የሚያውቀው ነገር አይደለም። ልምምድም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ተማሪ ለሙያ ልምምድ ሲላክና ተመራቂ ለሥራ ሲቀጠር በአንድ ደብዳቤ አይስተናገዱም።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ሰምታ «ታዲያ እኔ ምን ተብዬ ነው የምጠራው፣ ጋሼ?» አለችኝ። «ሠራተኛ» አልኳት። ደብዳቤዋን ገልብጬ ሥራ የጀመረችበትን ቀን ከጀርባው በእርሳስ ጻፍኩ፤ እሑዶቹንና በመካከል የሚውለውን በዓል እየዘለልን አብረን ቆጥረን 60ኛው ቀን ላይ ስንደርስ ከበብኩበት፤ ከሥሩም መርፌው የወጋትን ቀንና ያዩትን ሁለት ጓደኞቿን ስም በራሷ እጅ አስጻፍኳት። ወረቀቱን አጥፋ መልሳ ቋጠረችው።