የወሲብ ጥቃት ፈጻሚዎች መዝገብ ምንድን ነው?

«ካርታውን ከፍቼ አየሁ፤ በሰፈራችን አንድም ነጥብ የለም፤ ልጆቼን ያለ ስጋት ማሳደግ እችላለሁ።» በአሜሪካ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነውና የተመዝጋቢዎችን አድራሻ በካርታ ላይ በነጥብ ስለሚያሳየው የወሲብ ጥቃት ፈጻሚዎች መዝገብ በተነሳ ቁጥር ይህን የሚል ሰው አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ይህንኑ ምክር ብሎ ለወላጆች ሲያድል አየሁ። በጎ አሳቢነቱን አልጠራጠርም፤ ስህተቱ ግን ልጅን ለጉዳት የሚያጋልጥ ነው።

መዝገቡ የፍርድ መዝገብ ነው። በተወሰኑ የወሲብ ወንጀሎች የተፈረደበት ሰው አድራሻውንና የሥራ ቦታውን በየጊዜው ለፖሊስ ያሳውቃል። ካሊፎርኒያ ምዝገባውን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። በ1996 የወጣው የፌዴራል የሜጋን ሕግ ደግሞ መረጃው ለማኅበረሰቡ እንዲገለጥ አደረገ፤ ስሙን ያገኘው በኒው ጀርሲ ከባድ የቀድሞ ጥፋት በነበረበት ጎረቤቷ ከተገደለች የ7 ዓመት ልጅ ነው።

እንግዲህ መዝገቡ የዝናብ መለኪያ እንጂ የአየር ትንበያ አይደለም። የሚናገረው በውስጡ ስለ ወደቀው ውሃ ብቻ ነው። መለኪያው ባዶ ሆኖ መሬቱ ሊረጥብ ይችላል። ጠብታው እዚያ እንዲደርስ ልጁ መናገር፣ የሰማው አዋቂ ማመን፣ ፖሊስ መመርመር፣ ዐቃቤ ሕግ መክሰስ፣ ፍርድ ቤትም ጥፋተኛ ማለት አለበት። በየደረጃው የሚተነው ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚተነው ጥቃት አድራሹ የቤት ሰው ሲሆን ነው።

የአሜሪካ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2000 ባወጣው ጥናት፣ ለፖሊስ ከደረሱት ከ18 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ከተፈጸሙ ወሲባዊ ጥቃቶች ውስጥ እንግዳ ሰው የፈጸማቸው 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። 34 በመቶው የቤተሰብ አባል ነው፤ የቀረው ቤተሰብ ያልሆነ የሚታወቅ ሰው። (ቁጥሩ ለፖሊስ ስለ ደረሰው ብቻ መሆኑን ልብ በሉ፤ ቤት ውስጥ ታፍኖ የሚቀረው እዚህ ውስጥ የለም።) ካርታው በማዶ መንገድ ያለውን የማታውቁትን ሰው ያሳያችኋል፤ ተፈርዶበት የማያውቀውን አጎት፣ አሰልጣኝ ወይም የቤተሰብ ወዳጅ አያሳያችሁም።

ተመዝጋቢዎች ከ1 እስከ 3 ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ «ደረጃ 3 ነው፣ ስለዚህ እጅግ አደገኛ ነው» የሚለውም ያናድደኛል። በ2006ቱ የፌዴራል የአዳም ዋልሽ ሕግ መሠረት ደረጃውን የሚወስነው የተፈረደበት የወንጀል ዓይነት ነው፤ ምዝገባውም እንደ ደረጃው 15 ዓመት፣ 25 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ይቆያል። ኒው ዮርክ ግን ደረጃ የምትሰጠው የሰውየውን ስጋት በመመዘን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ትርጉሙ ከግዛት ግዛት ይለያያል። የስጋት ምዘናው ሙያ ውስጥ ስላለሁ ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፦ ስታቲክ-99ን የመሰሉት፣ አጥፊው ጥፋቱን የመድገም ዕድሉን በነጥብ የሚገምቱ መሣሪያዎቻችንም የሚናገሩት ተመሳሳይ ታሪክ ስላላቸው ሰዎች ስብስብ ነው፤ ፊታችሁ የቆመው ሰው ነገ ምን እንደሚያደርግ አይናገሩም።

«ከመቶ 80ው ይደግመዋል» የሚለው ቁጥር ደግሞ በ2002 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕክምና ስላላገኙ አጥፊዎች ሲጠቅሰው ክብር አገኘ፤ ምንጩ ሲፈለግ የተገኘው ግን በ1986 የታተመ፣ ማስረጃ ያላቀረበ የመጽሔት ጽሑፍ ነው። በ1994 ከ15 ግዛቶች እስር ቤቶች የተለቀቁ 9,691 ወንዶች ሲጠኑ፣ በ3 ዓመት ውስጥ በወሲብ ወንጀል ዳግም የተያዙት 5.3 በመቶ ነበሩ። ይህን ሰምቶ «ታዲያ የቀሩት ንጹሓን ናቸው» የሚልም አለ። እሱም አልገባውም። መያዝና መፈጸም አንድ አይደሉም፤ 3 ዓመትም አጭር ነው።

መዝገቡ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ልጃችሁን የሚጠብቅ ሰው ልትቀጥሩ ከሆነ ስሙን ፈልጉ። ስሙን ካገኛችሁም ከፎቶግራፉ ይልቅ በምን አንቀጽና መቼ እንደ ተፈረደበት አንብቡ። ሰውየውን ለማስፈራራት ወይም ለማሳደድ መረጃውን መጠቀም ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

በእንግሊዝና በዌልስ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት አይደለም። ከ2011 ጀምሮ ግን በመላ አገሪቱ ወላጅ ወደ ፖሊስ ሄዶ ከልጁ ጋር ስለሚገናኝ አንድ የተወሰነ ሰው መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው «በሰፈሬ ማን አለ?» ሳይሆን «ልጄ አጠገብ ያለው ይህ ሰው ማን ነው?» ስለሆነ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ፖሊስም የሚገልጠው ነገር ካለ የሚነግረው ልጁን ለመጠበቅ የተሻለ አቅም ላለው ሰው ነው፤ ያ ሰው ጠያቂው ላይሆን ይችላል።