ጥቅል ድጎማ ምንድን ነው? «በጀት አልቋል» የሚባለውስ ለምንድን ነው?

ግንቦት ላይ ወረዳ ጎራ ያለ ሰው ይህን መልስ ሳይሰማ አይቀርም፦ «በጀት አልቋል።» ደብዳቤ ማተሚያ ቀለም የለም። መስክ ለሚወጣው ባለሙያ የሞተር ነዳጅ የለም። እኔም ጎጃም ውስጥ አንድ ወረዳ ለአንዲት ገጽ ማስረጃ ሦስት ቀን ተመላልሼ፣ በመጨረሻ ወረቀቱን ከሱቅ ገዝቼ ይዤ ሄጃለሁ። ያን ቀን የተናደድኩት በጸሐፊዋ ነበር። የገንዘቡን መንገድ ካወቅሁ በኋላ ግን ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ገባኝ።

ጥቅል ድጎማ ክልሉ በየዓመቱ ለወረዳው የሚሰጠው ገንዘብ ነው። የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሰዎች «ብሎክ ግራንት» ይሉታል። ጥቅል የተባለበት ምክንያት አለው። ክልሉ ይሄ ለትምህርት፣ ይሄ ለጤና ብሎ አይሸነሽነውም። ባንድ ላይ ይሰጣል። የሚሸነሽነው የወረዳው ምክር ቤት ነው።

አሠራሩ የተጀመረው በ1994 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የገቡበት አራት ክልሎች ናቸው፦ አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና የያኔው ደቡብ። ከዚያ በፊት የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ዓይኑ ወደ ዞንና ወደ ክልሉ ቢሮ ነበር። ወረዳው የሚወስነው እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 50 ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። ሥልጣን ደግሞ ያለ ገንዘብ ባዶ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል። ክልሉ በዚያ ላይ የራሱን ገቢ ይጨምርና ድርሻውን ለወረዳዎች ያከፋፍላል። ደብረ ማርቆስ ያለው የምሥራቅ ጎጃም ዞንና ፍኖተ ሰላም ያለው የምዕራብ ጎጃም ዞን የክልሉ ክንዶች ናቸው እንጂ የራሳቸው የተመረጠ ምክር ቤት የላቸውም። አዊ ግን የብሔረሰብ አስተዳደር ስለሆነ እንጅባራ ላይ የራሱ ምክር ቤት አለው።

ማን ስንት ያገኛል? የሚወስነው ቀመር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚታዩት የሕዝብ ብዛት፣ የልማት ደረጃና ወረዳው ገቢ ለመሰብሰብ የሚያደርገው ጥረት ነበሩ። ኋላ ላይ አንድ ተማሪ ለማስተማር፣ አንድ ጤና ጣቢያ ለማንቀሳቀስ ስንት ይፈጃል ወደሚለው ስሌት ተኬደ። ይህ ይሻላል ባይ ነኝ። የሰው ቁጥር ብቻ ሲቆጠር የደጋው ራቅ ያለ ቀበሌ ይጎዳል።

አሁን ወደ ቀለሙና ወደ ነዳጁ ልመለስ። ለማስረዳት ያህል ወረዳው 100 ብር በጀት አጸደቀ እንበል። 80ው ከክልል የሚመጣ ነው። 20ው ወረዳው ራሱ እሰበስባለሁ ብሎ ያቀደው ነው፦ የገጠር መሬት መጠቀሚያ፣ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር፣ የነጋዴው ግብር፣ ልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያ። ከ100 ብሩ አብዛኛውን ደመወዝ ይወስደዋል። መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ቀበሌ ላይ ያሉት የግብርና ባለሙያዎች፣ ሁሉም የሚከፈላቸው ከዚህ ነው። የቀረችው ትንሽ ገንዘብ ሥራ ማስኬጃ ትባላለች። ለካፒታል ሥራ፣ ማለትም ለግንባታና ለመሳሰለው፣ የሚተርፈው ከዚያም ያነሰ ነው።

እንግዲህ 20ው ሙሉ በሙሉ ባይሰበሰብስ? ሰላም ሲጠፋ ገቢ ሰብሳቢው ቀበሌ አይደርስም። ገበያው ሲቀዘቅዝ ነጋዴው አይከፍልም። ደመወዝ ደግሞ አይነካም፣ መነካትም የለበትም። ጉድለቱ በሙሉ የሚወድቀው ሥራ ማስኬጃ ላይ ነው። መምህሩ ደመወዙን ይቀበላል፣ ጠመኔ ግን የለም። ባለሙያው ቢሮ ይገባል፣ ማሳ ድረስ ግን አይሄድም። «በጀት አልቋል» ሲባል ብዙ ጊዜ ያለቀችው ያቺ ትንሿ ገንዘብ ናት። ክፍተቱን ደግሞ የሚሞላው መዋጮ ነው፤ ገበሬው ግብር ከፍሎ ሲያበቃ ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ እንደገና ያዋጣል። ይሄ ሁሌም ያመኛል።

አባቴ የግብር ካርኒዎቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ያኖር ነበር። ለመሬቱ ማስረጃ ናቸው ይላል። በጎጃም ግብር ከርስት ጋር የተቆራኘ ነገር ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ፣ ገበሬው መሬቴ ተለክቶ ርስቴን ልነጠቅ ነው ብሎ ተነሳ። ነገሩ ለወራት ዘለቀ። በመጨረሻ ንጉሡ ጠቅላይ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አነሱ፣ ውዝፍ ግብሩንም ማሩ። አባቴ ግን ካርኒው ላይ ያለው ገንዘብ ምን እንደሠራ የሚነግረው ሰው አጥቶ ኖሯል።

አንድ ነገር መለየት ይገባል። የአባይ በረሃን አቋርጦ በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት የፌዴራል ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። እንደ ሴፍቲኔት ያለው ገንዘብም ለታሰበለት ሥራ ብቻ የተሰጠ ነው፤ ወረዳው ለጠመኔ ላውለው ቢል አይችልም። ስለእነዚህ የወረዳ አፈ ጉባኤን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የቀበሌው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠመኔ ግን የእሱ ጉዳይ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ክልሉ ካጸደቀ በኋላ ወረዳው የራሱን ምክር ቤት ሰብስቦ ያጸድቃል። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ቀጥተኛ የበጀት ድጋፋቸውን አቋርጠው፣ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም በኩል ይህንኑ ጥቅል ድጎማ መደገፍ ሲጀምሩ፣ በጀቱ ለሕዝብ በሰሌዳ እንዲለጠፍ የሚለው አሠራር አብሮ ገብቷል። ሰሌዳው ፊት ስትቆሙ ጠቅላላ ድምሩን እለፉት። ሁለት መስመር ፈልጉ፦ ለትምህርትና ለጤና ከደመወዝ ውጭ ስንት ተመደበ? ወረዳው ራሱ እሰበስባለሁ ያለው ስንት ነው፣ ባለፈው ዓመትስ ከዚያ ውስጥ ስንቱን ሰበሰበ? ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ ጠይቁ። ወረቀት የለም ከተባላችሁ ቁጥሩን በቃል ይንገሯችሁና እናንተ ጻፉት።