ጣፊያ ለማውጣት የማይቸኩለው ሰርጀን፦ የልጆች አደጋና የሐኪሙ ሙያ

አንድ ልጅ ከሳይክል ወድቆ መሪው ግራ ጎኑን መታው እንበል። ከላይ የሚታየው ትንሽ የበለዘች ክብ ነገር ብቻ ናት። ልጁ ያወራል፣ ውሃ ይለምናል፣ የደም ግፊቱም ደህና ነው። የሚያሳስተውም ይሄ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ያለው ደም 1.6 ሊትር ገደማ ነው። ሩቡ ፈስሶ እንኳ ግፊቱ ላይወርድ ይችላል፤ ቀድሞ የሚያሳብቀው የልብ ምቱ ነው። የልጅ የጎን አጥንት ደግሞ ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። ምቱን የሚቀበሉት ከሥሩ ያሉት ጣፊያና ጉበት ናቸው።

ድሮ ጣፊያ ከተቀደደ ወጥቶ ይጣል ነበር። ሰው ያለ ጣፊያ መኖር ይችላል ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ1952 ኪንግና ሹማከር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ጣፊያቸው የወጣ ጨቅላዎች በከባድ ኢንፌክሽን እንደሚጠቁ ጻፉ። ጣፊያ ለካ ደም የሚያጠራ ወንፊት ነው፤ እሱ ከሌለ ኒሞኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በ1968 ደግሞ ከቶሮንቶው የሕፃናት ሆስፒታል ኡፓድያያና ሲምፕሰን ብዙ ልጆች ሆዳቸው ሳይከፈት እንደሚድኑ አሳዩ። የልጅ ጣፊያ አብዛኛውን ጊዜ መድማቱን በራሱ ያቆማል።

ዛሬ የልብ ምቱና ግፊቱ የተረጋጋ ልጅ አልጋ ይይዛል፣ ሄሞግሎቢኑ (የቀይ ደሙ መጠን) ይለካል፣ ሆዱ ይዳሰሳል፣ ይጠበቃል። ከ10 ልጆች 9ኙ በዚህ ይድናሉ።

የሰርጀኑ ሙያ ልዩነት የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ለመሆን ከ5 ዓመት አጠቃላይ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሌላ 2 ዓመት ይጨመራል። እዚያ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት፣ ተመሳሳይ ጉዳት ያለበት ልጅ የአዋቂ ሆስፒታል ሲገባ ጣፊያው የመውጣት ዕድሉ እንደሚጨምር ነው። በሞት ቁጥር ላይ ግን ጥናቶቹ አይስማሙም። በእኔ እምነት ነገሩ የእጅ ብልሃት አይደለም። የአዋቂ ሰርጀን ዓይኑ የለመደው ሌላ ሕመምተኛ ነው፤ ደም ሲያይ መክፈት ይቀናዋል። የሕፃናት ሰርጀንም ብቻውን አይሠራም፦ በልጅ ልክ የተሠራ ቱቦ፣ ልጅ ማደንዘዝ የሚችል ባለሙያ፣ ሌሊቱን የልብ ምት የምትቆጥር ነርስ ያስፈልጋሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ጣፊያና ጉበት ጉዳት መመሪያ አውጥቷል። ጉዳቱ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል፤ ልጁ ሆስፒታል የሚተኛው የደረጃው ቁጥር ላይ አንድ ሲደመር በሚመጣው የቀን ብዛት ነበር። አሁን ከዚያም አጥሯል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ወባ ባለበት ቆላ ደግሞ ያበጠ ጣፊያ በቀላሉ ይፈነዳል፣ ከወጣም ወባው ይጠናል። ሲቲ ስካንም የደም ባንክም በሌለበት ሆስፒታል ግን መጠበቅ ራሱ ቁማር ነው፤ ልጁ እየገረጣ ከሄደ አጠቃላይ ቀዶ ሐኪሙም ቢሆን ይከፍታል። ጣፊያው ከወጣ ልጁ የኒሞኮከስ ክትባትና ፔኒሲሊን ያስፈልገዋል። ለወላጆቹም ትኩሳት በያዘው ቁጥር ሳያድሩ እንዲያመጡት ይነገራቸዋል።