«በሩ አብቅቶለታል» ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ፦ ስለ ደብል ግሌዝድ (ባለ ድርብ መስታወት) በርና መስኮት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ዊንተር አንዲት እናት ማታ 3 ሰዓት ገደማ ደወሉልኝ። ሰሜን ለንደን ነው የሚኖሩት፣ የፊት በራቸው አልቆለፍ ብሎ ወንበር አስደግፈውበት ቁጭ ብለዋል። ቀን ላይ የመጣው ባለሙያ «በሩ አብቅቶለታል፣ ከነፍሬሙ መቀየር አለበት» ብሎ 1,400 ፓውንድ ጽፎ ሰጥቷቸው ሄዷል። እኔ ስደርስ መጀመሪያ ያደረኩት በሩን ከፍቼ፣ ክፍቱን እንዳለ፣ እጀታውን ወደላይ አንስቼ ቁልፉን ማዞር ነው። ሸርተት ብሎ ዞረ። ዘግቼ ስሞክረው ደሞ እጀታው አልነሳም አለ። በቃ ሎኩ ጤነኛ ነው ማለት ነው፣ በሩ ነው በእጀታው በኩል 3 ሚሊሜትር ምናምን ዝቅ ያለው። ማጠፊያው ላይ ያለውን ብሎን በአለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ሁለት ሦስት ዙር አዞርኩና ጨረስኩ። «ይኸው ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ቡናው ሳይፈላ ስራው አልቆ ነበር፣ ለቡናው ግን ቆየሁ።

ይሄን ስራ እዚህ እንግሊዝ ውስጥ አመታት ሰርቼበታለሁ፣ ከኛ ሰው የምሰማው ወሬ ደሞ ሁሌ ያው ነው፣ አንዱ ለአንዱ እያስተላለፈው መሰለኝ። አንድ በአንድ ልሂድበት። (ቁልፍ ስል በእጃችን የምንይዘውን፣ ሎክ ስል በሩ ውስጥ ያለውን ማለቴ ነው፣ አማርኛችን ሁለቱንም ቁልፍ ስለሚል እንዳንምታታ።)

«በሩ ካልቆለፈ ሎኩ ተበላሽቷል»

ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። እዚህ አገር ያሉት የፕላስቲክ በሮች (ዩፒቪሲ የሚባሉት) ሎካቸው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ በሩ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከታች የሚሄድ ረጅም ብረት አለ፣ እሱ ላይ መንጠቆዎችና ተሽከርካሪ ነገሮች አሉ፣ እጀታውን ስታነሱት ሁሉም አንድ ላይ ወጥተው ፍሬሙ ላይ ያለው ማረፊያቸው ውስጥ ይገባሉ። በሩ ትንሽ ከዘነበለ መንጠቆው ቀዳዳውን ይስታል፣ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ እናንተ ደሞ ትከሻችሁን አስደግፋችሁ እጀታውን በግድ ታነሱታላችሁ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው የሚብሰው። መሃል ላይ ጊርቦክስ የሚባል የእጅ መዳፍ የማያክል ሳጥን አለ፣ ውስጡ ያሉት ጥርሶች ለዚህ አይነት ጉልበት አልተሰሩም። በአለን ቁልፍ በነጻ የሚስተካከለው ነገር ሁለት ሳምንት በጉልበት ከተሰራበት የጊርቦክስ ወጪ ይሆናል።

ስለዚህ ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት በሩን ክፈቱትና ክፍቱን ሞክሩት። ክፍት ሆኖ ቀሎ ከሰራ፣ ሲዘጋ ካስቸገረ፣ ጉዳዩ የመስተካከል ነው። ክፍት ሆኖም ከከበደ ወይም እጀታው ባዶውን ከዞረ ጊርቦክሱ ነው። ሰመር ላይ ብቻ የሚያስቸግር በር ካለ ደሞ ሙቀት ነው፣ በተለይ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው በር ይለጠጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይመለሳል።

ጊርቦክሱ ሞተ ቢባል እንኳን ረጅሙን ብረት ሙሉ መቀየር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፣ መሃሉን ብቻ ፈትቶ መተካት ይቻላል። የበሩ ጠርዝ ላይ ያለውን ብረት አቧራውን ጠርጋችሁ እዩት፣ ስሙ ተቀርጾበታል፦ ዊንክሃውስ፣ ማኮ፣ ዬል፣ ፉር፣ ጂዩ፣ ሮቶ። ከዛ ሁለት ልኬት ነው የሚፈለገው፣ ከብረቱ ፊት እስከ እጀታው መሃል (አብዛኛውን ጊዜ 35 ወይም 45 ሚሊሜትር) እና ከእጀታው መሃል እስከ ቁልፍ ማስገቢያው መሃል (እዚህ አገር ብዙ ጊዜ 92)።

«በሩ የዘመመው ማጠፊያው ስላረጀ ነው»

እንዲህም ይሆናል፣ ግን መስታወት ያለው በር ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፕላስቲኩ ብቻውን ያንን ሁሉ ክብደት ቀጥ አድርጎ አይዝም። በሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው መስታወቱ ራሱ ነው፣ ያውም በትክክል ከተደገፈ። መስታወቱና ፍሬሙ መሃል ቀጫጭን የፕላስቲክ ቁራጮች ይገባሉ፣ ፓከር ይባላሉ፣ ከ1 እስከ 6 ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው፣ እንደ ልጆች መጫወቻ በየቀለማቸው ይሸጣሉ። አንዱ ከታች በማጠፊያው በኩል ባለው ጥግ፣ ሌላው በሰያፍ ከላይ በሎኩ በኩል ባለው ጥግ ይቀመጣሉ፣ ስለዚህ ክብደቱ በሰያፍ ወርዶ የታችኛው ማጠፊያ ላይ ያርፋል። የሳንቃ በር ላይ በሰያፍ የሚመታውን እንጨት አስቡት፣ ስራቸው አንድ ነው። ገጣሚው በጥድፊያ ፓከሩን ከዘለለው ወይም ከጊዜ ብዛት ከተንሸራተተ፣ ማጠፊያውን መቶ ጊዜ ብታስተካክሉት ከወር በኋላ በሩ ተመልሶ ይዘማል።

አንዴ አንድ ወንድማችን ቤት ማጠፊያው ሁለት ጊዜ ተቀይሮ በሩ አሁንም መሬቱን ይፍቃል። መስታወቱን የሚይዙትን ረጃጅም ፕላስቲኮች ከረጅሙ መሃል ጀምሬ በስፓቱላ አወጣኋቸው፣ ከላይ በሎኩ በኩል አንድም ፓከር የለም፣ ባዶ። 5 ሚሊሜትሩን አስገብቼ በሩን ስዘጋው እሱ «ማጠፊያ ቀይር ያሉኝ እነማን ነበሩ?» እያለ ይስቃል፣ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። ራሳችሁ ልትሞክሩት ካሰባችሁ አንድ ነገር፣ የበር መስታወት ጠንካራ ቢሆንም ጠርዙ ደካማ ነው፣ ጠርዙን በካቻቢቴ ቆንጠጥ ካደረጋችሁት ሙሉው ዱቄት ሊሆን ይችላል። እኔ በዚህኛው ላይ ባለሙያ ጥሩ እላለሁ።

«እጀታውን ካነሳሁት ተቆልፏል»

ኧረ አልተቆለፈም! እጀታውን ስታነሱ መንጠቆዎቹ ወጥተዋል እንጂ የሚያግዳቸው ነገር የለም። ቁልፉን እስክታዞሩት ድረስ አንድ ሰው እጀታውን ወደታች ቢጫነው ተመልሰው ይገባሉ። ከውጭ ያለ ቁልፍ የማይከፈት አይነት በር አለ፣ እሱም ቢሆን ቁልፉ ካልዞረ ሙሉ በሙሉ አልተቆለፈም። የኢንሹራንስ ውላችሁንም አንብቡት፣ አንዳንዱ ከቤት ስትወጡ በቁልፍ መቆለፉን ይጠይቃል።

«ቁልፍ ከጠፋ ሎኩ በሙሉ ይቀየራል»

ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ብቻ ነው የሚቀየረው፣ እሱ ደሞ በአንድ ብሎን ነው የተያዘው። አንድ! በሩን ክፈቱ፣ ጠርዙ ላይ ከቁልፉ ቀዳዳ ትይዩ ያለችውን ረጅም ብሎን ፍቱ፣ ቁልፉን አስገብታችሁ ትንሽ ብቻ ዘንበል አድርጉት፣ ውስጡ ያለው ምላስ ከቀዳዳው ጋር ሲገጥም ሲሊንደሩ ሳብ ሲደረግ ይወጣል። ሁለተኛ ቁልፍ ካላችሁ አስር ደቂቃ አይፈጅም፣ ምንም ቁልፍ ከሌለ ነው ሰው የሚጠራው። አዲስ ለመግዛት ከብሎኗ ቀዳዳ መሃል ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ለየብቻ ለኩ፣ ለምሳሌ 40 ውጭ፣ 50 ውስጥ። አገላብጣችሁ እንዳትገዙ፣ እኔ ራሴ በጀማሪነቴ አድርጌዋለሁ።

እዚሁ ላይ፣ ሲሊንደሩ ከእጀታው ሽፋን ወደ ውጭ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ወጥቶ ከታየ ጥሩ አይደለም። ብሎኗ የምታልፍበት መሃሉ በጣም ቀጭን ነው፣ ሌባ የወጣውን ጫፍ ይዞ እዛው ጋ ይሰብረዋል፣ ድምጽም ብዙ የለውም። ስትገዙ ቲኤስ 007 ባለ ሦስት ኮከብ ወይም የሶልድ ሴኪዩር ዳይመንድ ምልክት ያለበትን ፈልጉ፣ ሲሰበር ከፊቱ ብቻ ተቆርጦ መሃሉ እንዲቀር ተደርጎ የተሰራ ነው። የ8 ፓውንዱን ትታችሁ ለዚህኛው ብታወጡ አይቆጫችሁም።

«ለሁሉም ደብሊውዲ 40 ንፉበት»

አበሻ ቤት ሁሉ አንድ ጣሳ አለ መቼም። ስሙ ራሱ ውሃ ማስወገጃ፣ 40ኛ ሙከራ ማለት ነው፣ የተጣበቀ ነገር ያላቅቃል፣ እርጥበት ያባርራል፣ ግን ለሲሊንደር ውስጥ የሚሆን ማለስለሻ አይደለም። ዛሬ ይቀልላችኋል፣ ቆይቶ አቧራ ይሰበስብና ይባስ ይላል። ሲሊንደር ውስጥ ደረቅ ግራፋይት ወይም ፒቲኤፍኢ የሚባለው ደረቅ ስፕሬይ ነው የሚገባው። መንጠቆዎቹ ላይ ትንሽ ግሪስ ይበቃል፣ በአመት አንዴ። የምግብ ዘይት ያደረገ ሰውም አይቻለሁ፣ ዝም ነው ያልኩት።

«እጀታው ከተንጠለጠለ ጊርቦክስ ነው»

ብዙ ጊዜ እጀታው ውስጥ ያለችው ስፕሪንግ ናት የደከመችው፣ ጥንድ እጀታ ይቀየራል፣ አለቀ። የብሎኖቹን ርቀትና ያንን የ92 ልኬት ብቻ አረጋግጡ። የመስኮት እጀታ ባዶውን ሲዞር ደሞ መጀመሪያ አውጥታችሁ መሃሉ ላይ ያለችውን ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ እዩ፣ አጥራ ከሆነ ውስጥ ድረስ አትደርስም።

«መስኮቱ ነፋስ ካስገባ ጎማው ነው፣ ካልሆነ መስኮቱ በሙሉ ይቀየር»

ወረቀት ውሰዱ፣ መስኮቱ መሃል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። በዙሪያው ሁሉ እንደዛ አድርጉ። በሎኩ በኩል ጥብቅ ብሎ በማጠፊያው ጥግ ላይ ሾልኮ ከወጣ ማጠፊያው ደክሟል። የነዚህ መስኮቶች ማጠፊያ እንደ በር አይደለም፣ እንደ መቀስ የሚተጣጠፍ ክንድ ነው፣ ቦይ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ሲጣመም መስኮቱን ወደ ፍሬሙ መጫን ያቅተዋል። ጥንዱ ከ20 ፓውንድ ብዙም አያልፍም። የቦዩን ርዝመት በኢንች ለኩ (8፣ 10፣ 12፣ 16 እያለ ይሄዳል) እና ተጣጥፎ ሲተኛ ውፍረቱን፣ 13 ወይም 17 ሚሊሜትር ነው፣ ይሄን ከሳታችሁ መስኮቱ አይዘጋም። መስኮቱ በንፋስ ራሱ የሚዘጋ ከሆነ ደሞ ማጠፊያው ላይ ተንሸራታቿ ጋ ያለችውን ብሎን ትንሽ አጥብቁ፣ ዘይት አታድርጉባት፣ ሰበቃው ነው መስኮቱን የሚይዘው።

መኝታ ቤት ላይ ከሆነ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ሰፋ ብሎ የሚከፈተው ለእሳት አደጋ ማምለጫ የተደረገ ሊሆን ይችላል፣ እንግሊዝ ውስጥ የዚህ አይነት መስኮት ሲከፈት ቢያንስ 0.33 ካሬ ሜትር፣ ቁመቱም ወርዱም ከ450 ሚሊሜትር ያላነሰ ክፍተት እንዲሰጥ ነው ደንቡ። ተራ ማጠፊያ ብትገጥሙበት መስኮቱ ያምራል፣ ሰው ግን አይወጣበትም።

ጀርመን ያላችሁ ደሞ፣ አዲስ አበባም አዳዲሶቹ አፓርታማዎች ላይ የሚታይ ነው፣ ከላይ ወደ ውስጥ ዘንበል እያለም፣ እንደ በር ወደ ጎንም የሚከፈተው መስኮት ድንገት በአንድ ጥግ ተንጠልጥሎ ሲቀር «ተገንጥሎ ሊወድቅ ነው» ብላችሁ አትደንግጡ። እጀታው መሃል ላይ እያለ ተስቦ ነው። አንድ ሰው መስኮቱን ይያዝላችሁ፣ በእጀታው በኩል ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሽ ማገጃ ተጭናችሁ እጀታውን ሽቅብ አድርጉት፣ ከላይ በማጠፊያው በኩል ያለውን ጥግ ወደ ፍሬሙ ግፉት፣ ከዛ ሙሉውን ዘግታችሁ እጀታውን ቁልቁል መልሱ።

«መስታወቱ መሃል ጭጋግ ከገባ መስኮቱ ሞቷል»

የሞተው መስታወቱ ብቻ ነው፣ ፍሬሙ እዛው ሆኖ ባለ ሁለት ድርቡ መስታወት በልኩ ታዝዞ ይገባል። ጭጋጉ ከውስጥ በኩል በጣት የሚጠረግ ከሆነ ግን የወጡ እንፋሎት ነው፣ እሱ የኛ የማዕድ ቤት ጉዳይ ነው፣ መስኮት ክፈቱ።

«ተከራይ ስለሆንኩ በራሴ ነው የማሰራው»

እንግሊዝ ውስጥ የ1985ቱ (በፈረንጆቹ) የአከራይና ተከራይ ህግ አንቀጽ 11 የቤቱን አካልና ውጫዊ ክፍል መጠገን የአከራዩ ግዴታ ነው ይላል፣ እናንተ ካልሰበራችሁት በቀር የውጭ በርና መስኮትም በዚሁ ነው የሚታየው። በጽሑፍ አሳውቁ፣ ፎቶ አያይዙ፣ በስልክ ብቻ አትናገሩ።

ፍላት ውስጥ ላላችሁ ግን በተቃራኒው፣ የመግቢያ በራችሁን በራሳችሁ አትንኩት፣ እሳት የሚያግድ በር ነው። ከላይ ያለውን በሩን ራሱ የሚዘጋውን ክንድ «ይረብሻል፣ ጋሪ አያሳልፍም» ብለው የሚፈቱ ብዙ ናቸው። በፈረንጆቹ ሰኔ 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የሚባለው ፎቅ ተቃጥሎ 72 ሰው ሞተ፣ ከነሱ መሃል የኛም ሰዎች ነበሩ፣ ጭሱ በፎቆቹ ውስጥ የተሰራጨበት አንዱ ምክንያት ራሳቸው ያልተዘጉ በሮች እንደነበሩ ምርመራው አስቀምጧል። ከዛ በኋላ በወጣው ደንብ ከ11 ሜትር በላይ በሆኑ ህንጻዎች የፍላት መግቢያ በሮች በአመት አንዴ ይታያሉ። ሰውየው ሲያንኳኳ ክፈቱለት።

«ሎክስሚዝ (ቁልፍ ሰሪ) ሁሉ ፈቃድ አለው»

የለውም። እንግሊዝ ውስጥ ሎክስሚዝ ለመሆን የመንግስት ፈቃድ አያስፈልግም፣ ዛሬ ቫን ገዝቶ ነገ መጀመር ይቻላል። «ከ39 ፓውንድ ጀምሮ» የሚለውን ማስታወቂያ አይታችሁ ስትደውሉ «ጀምሮ» የምትለዋ ቃል ናት ሂሳቡን የምትሰራው። ሲሊንደሩን ሳያይ መሰርሰሪያ የሚያወጣ ሰው ከመጣ አስቁሙት። እኔ ስልክ ላይ የምለየው በአንድ ነገር ነው፣ የሚያውቅ ሰው ገና ከመምጣቱ በፊት «በሩ ክፍት ሆኖ ሎኩ ይዞራል?» ብሎ ይጠይቃችኋል። የማያውቀው ፖስት ኮድ ብቻ ነው የሚጠይቀው።