ቨርቹዋል ማሽን ምንድን ነው? አሮጌው ዴስክቶፕ ሳይሞት ላፕቶፕ ውስጥ ማስገባት

ብዙ ቢሮ ጥግ ላይ አንድ አቧራ የጠጣ ዴስክቶፕ አይጠፋም፣ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት፣ ፒችትሪ የሚባለው የድሮ የሂሳብ ፕሮግራም ያለበት፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ የተጻፈ የስንት ዓመት ደብዳቤ የታጨቀበት። ሲዲው ጠፍቷል፣ የጫነው ልጅም ስራ ለቋል፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ዛሬስ ይነሳ ይሆን እየተባለ ይጠበቃል። እንደዚህ አይነቱን ማሽን እየተነሳ እያለ ቨርቹዋል ማሽን አድርጉት ነው የምለው።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በሶፍትዌር የተሰራ ኮምፒውተር ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ እንደ ቨርቹዋል ቦክስ ያለ ነፃ ፕሮግራም ትጭናላችሁ፣ እሱ ከላፕቶፑ ራምና ፕሮሰሰር ቆርሶ ይሰጠውና በአንድ መስኮት ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ይነሳል፣ የራሱ ዊንዶውስ አለው፣ ሃርድዲስኩ ግን እናንተ ጋ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ሀሳቡ አዲስ አይደለም፣ አይቢኤም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በትልልቅ ማሽኖቹ ላይ ሰርቶበታል።

አሮጌውን ዴስክቶፕ መቀየር ማለት እንግዲህ ሃርድዲስኩን ከነዊንዶውሱ ከነፕሮግራሙ ወደዚያ ፋይል መገልበጥ ነው። ዳታውን ፍላሽ ላይ ብገለብጠውስ ለምትሉ፣ የፒችትሪ ዳታ ፒችትሪ ከሌለ አይከፈትም፣ የቪዥዋል ግዕዝ ደብዳቤም ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ማሽን የሚያውቀው የፊደል አሰራር) ስላልሆነ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ የሚያስፈልገው ቤቱ እንዳለ ነው።

ለመገልበጥ የማይክሮሶፍት ዲስክ2ቪኤችዲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ማሽኑ እየሰራ እያለ ይገለብጣል። ሲ ድራይቭን ብቻ እንዳትመርጡ፣ ሲስተም ሪዘርቭድ የሚባለው ትንሹ ክፍል ካለ እሱም ይመረጥ፣ አለበለዚያ አይነሳም። የምትገለብጡበት ኤክስተርናል ሃርድዲስክ ደግሞ ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን፣ ፋት32 የሚባለው ፎርማት ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ ይሄ ብዙ ሰው ግማሽ ቀን የሚያቃጥልበት ነገር ነው። ዴስክቶፑ ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ተቃጥሎ ከሆነ ሃርድዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ በኬብል ሰክታችሁ መገልበጥ ይቻላል፣ ሃርድዲስኩ ራሱ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ግን ሌላ ጣጣ ነው፣ እኔ አንዴ ለዚህ ዘግይቼ ደርሼ የሶስት ዓመት ሂሳብ በወረቀት ካለው እንደገና ሲገባ አይቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

የገለበጣችሁትን ፋይል ቨርቹዋል ቦክስ ውስጥ መጀመሪያ ስታስነሱት ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ መጨረሻው 7ቢ የሆነ ኮድ ካሳየ አትደንግጡ፣ ዊንዶውሱ የለመደው የዲስክ ኮንትሮለር (ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ስለተቀየረበት ነው፣ ቨርቹዋል ቦክስ ሴቲንግ ውስጥ የዲስኩን ማገናኛ ሳታ ከሚባለው አይነት አይዲኢ ወደሚባለው ማዞር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ዊንዶውሱ አክቲቬሽን ሊጠይቅ ይችላል፣ ከማሽኑ ጋር የተሸጠ ላይሰንስ ከዚያው ማሽን ጋር የታሰረ ስለሆነ ሌላ ላይሰንስ ሊያስፈልግ ይችላል።

ኢንተርኔቱን ደግሞ ከሴቲንግ አጥፉበት፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ሰፖርት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14፣ 2020 አቁሟል፣ ለፒችትሪ ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል። አሮጌውን ዴስክቶፕ ሳትጥሉ አንድ ወር ሂሳብ አዲሱ ላይ ዝጉና እዩት፣ ፋይሉን ደግሞ ሁለት ቦታ ኮፒ አድርጉት፣ አንዱ ከቢሮው ውጪ ይቀመጥ።